የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ለእኛ ለተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት



ስለ አንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት ልጽፍላችሁ ስነሣ አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር እንደ ድፍረት አትቍጠሩብኝ። የእኚህን ሰው ታሪክ ስለምን እንደ መረጥሁ ካልገለጽሁ የጽሑፌ ፍሬ አይታወቅምና ነው።

ባለፈው ዓመት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ሲሰጠን በሒሳብ ትምህርት ወደቅሁ። ካርዴን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሰበብ ስደረድር ነበር። መምህራችን ፈጥነው ያስተምራሉ፤ በሰፈራችን መብራት ይጠፋል፤ እናቴ ማታ ማታ ሱቅ ትልከኛለች፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ የሒሳብ ደብተሬን ተውሶ እስከ ፈተናው ቀን አልመለሰልኝም አልሁ። አባቴ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜም ሳያቋርጡኝ አዳመጡ። ስጨርስ ካርዱን ወደ እኔ አዙረው በላዩ ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ስሜን አነበብሁላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ፈርመው መለሱልኝ።

ቢቈጡኝ ወይም ቢቀጡኝ ኖሮ በሁለተኛው ቀን እረሳው ነበር። ያ ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ። እኔ ጥያቄውን እንደ ግፍ ቈጠርሁት እንጂ ትርጉሙን አልመረመርሁም።

በዚህ ዓመት የታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን ለዓመታዊው መጽሔት የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድናዘጋጅ ባዘዙን ጊዜ እኔ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ነገር ግን በቤተ መጻሕፍታችን ስለ መቅደላ ሳነብ ከዚያ ተራራ በጦርነቱ ማግስት በባዕድ እጅ ወደ ወረደ አንድ ትንሽ ልጅ ታሪክ ደረስሁ። ያ ልጅ አድጎ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተባለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ያለኝ ስለ ራሴ ብዬ ነበር፤ እኔ ከቈጠርኋቸው ሰበቦች እጅግ የሚበልጡ ምክንያቶች በእጁ የነበሩትን ሰው አገኘሁ ብዬ ነው። አንብቤ ስጨርስ ግን እኚህ ሰው በነዚያ ምክንያቶች ሳይጠቀሙባቸው እንደ ኖሩ ተረዳሁ።

እንግዲህ ታሪካቸው እንዲህ ነው። በአገራችን የሆነውን በዓመተ ምሕረት፣ በውጭ አገር የሆነውን ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቈጥተው የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር አዛዥነት 13,000 ያህል ወታደር ከህንድ በመርከብ ላከ። ይህ ጦር ዙላ በተባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ወርዶ፣ መድፍ በዝሆን አስጭኖ፣ ብዙ ሳምንታት ተጕዞ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጕጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ምሽጉም ተቃጠለ፤ የብራና መጻሕፍቱና የቤተ መንግሥቱ ዕቃ ተዘረፈ።

ያን ጊዜ ከተራራው በእንግሊዞች እጅ ከወረዱት መካከል ሁለት ልጆች ይገኙበታል። አንደኛው የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሲሆን ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። ሁለተኛው ከጎንደር ወገን የሆነ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በሁከቱ መካከል ከዘመዶቹ ተለያይቶ የተገኘ ወርቅነህ የሚባል ሕፃን ነበር።

የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሳሉ ሞቱ። እሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በዚያ በትምህርት ቤት ሲያድግ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ በምትባል ከተማ ታሞ ሞተ። በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በሞተ ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ዓመት ነበር። እኔም አሁን ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ። ዓለማየሁ ለአገሩ የሚሆን ሥራ ስላልሠራ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ዕድሜ አልተሰጠውምና። ከዚህ የተረዳሁት በሰው ሕይወት ውስጥ የእኛ ያልሆነ፣ እኛም የማንጠየቅበት ብዙ ነገር መኖሩን ነው። የት እንደምንወለድ፣ በየትኛው ዘመን እንደምንኖር፣ ስንት ዓመት እንደሚቈጠርልን አንመርጥም። ከእኛ የሚጠየቀው በተሰጠን ቀን የምንሠራው ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልጅ እንመለስ። ሕፃኑን ኮሎኔል ቻምበርሊን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኰንን ወስዶ ወደ ህንድ አገር ይዞት ሄደ። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ሞተ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የልጁን ማሳደጊያና የትምህርት ወጪ ተሸከመ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣለት። የተማረው በህንድ አገር ሚሲዮናውያን በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነበር። የሚሰማው ቋንቋ የህንድና የእንግሊዝ፣ የሚያየው ሰው ሁሉ ባዕድ ነበርና አማርኛው ከአፉ ጠፋ። እናቱንና አባቱን የሚያስታውሰው፣ የትውልድ ቦታውን የሚያመለክተው አንድ ሰው በአጠገቡ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፤ እስኪ ከዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። ሰው ለስንፍናው ሰበብ የሚፈልግ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ሰበብ ከየት ያገኛል? አገሩን ያጣው በገዛ ፈቃዱ አይደለም። ስሙን የለወጠው እሱ አይደለም። ቋንቋውን የረሳው በቸልተኝነት አይደለም። ይህ ልጅ ጠጪ ወይም ሥራ ፈት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሰው ሁሉ ያዝንለት ነበር እንጂ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ጠንክሮ ተማረና በላሆር ከተማ በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1882 ጨረሰ። ላሆር ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ናት። በዘመናዊ የሕክምና ትምህርት ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ እንደ ክብራቸው አንቱ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ሐኪም ወርቅነህ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በነበረው የህንድ የሕክምና አገልግሎት ተቀጥረው በበርማ አገር ብዙ ዓመት ሠሩ። ወደ ስኮትላንድም ሄደው የሕክምና ትምህርታቸውን አስፋፉ። ደመወዛቸው የተደላደለ፣ ማዕረጋቸው የተከበረ ነበር። የሚያስቸግራቸውም ሆነ የሚጠራቸው ሰው ስላልነበረ ኑሯቸውን በዚያው ቢጨርሱ ከማንም ወቀሳ አይመጣባቸውም ነበር።

ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በዐፄ ምኒልክ መሪነት ዐድዋ ላይ ኢጣልያንን ድል አደረገ። ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። በበርማ የነበሩትም ሐኪም የተወለዱባት አገር ስሟ ሲጠራ ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አገራቸው መሄድን ቈረጡ። በዓድዋ ድል የኮራ ሰው በያለበት ብዙ ነበር፤ እኚህ ሰው ግን ኵራታቸውን በልባቸው ይዘው አልተቀመጡም። ከድሉ ሦስት ዓመት ያህል በኋላ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ባሕር ተሻግረው መጡ።

አዲስ አበባ ሲደርሱ የገጠማቸውን ነገር ሳስበው ይገርመኛል። መልካቸው የአገሬው ሰው፣ ልብሳቸውና ንግግራቸው ግን የእንግሊዝ ነበር። ከወገኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለአንድ ሰው ትልቅ ኀፍረት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ኀፍረት ላለማየት ሲል በሩቁ ይኖራል። እሳቸው ግን ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ሁሉ እንዲመጣ አደረጉና በነጻ ያክሙ ጀመር። በአፋቸው ሊናገሩት ያልቻሉትን በእጃቸው ሥራ ተናገሩ።

ከመቅደላ ተወስዶ የነበረ ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ከአንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። እኒህ ሴት የልጅ ልጃቸው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ጠፍቶባቸው ነበርና መጥተው ሐኪሙን አዩዋቸው። በልጅነቱ በገላው ላይ የነበረውን ጠባሳ ያውቁ ነበር፤ ጠባሳውም በቦታው ተገኘ። ሐኪሙ የማን ልጅ እንደ ሆኑ፣ ስማቸውም ወርቅነህ እሸቴ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ለብዙ ዓመታት ቻርልስ ማርቲን ሲባሉ የኖሩት ሰው በአያታቸው አፍ ወርቅነህ ተብለው ተጠሩ።

አባቴ ካርዱን አዙረው ስሙ የማን እንደ ሆነ የጠየቁኝ ትዝ ያለኝ ከዚህ ቦታ ስደርስ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ስማቸውን ለማግኘት ስንት አገር አቋርጠው መጡ። እኔ ግን ስሜ ተጽፎ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለውን ሥራ የሌላ ሰው ሥራ ለማስመሰል ስደክም ነበር።

ስም ማግኘት ግን የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። ፈቃዳቸው ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ በርማ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እንደ ተረት ቢሆን ኖሮ አያትና የልጅ ልጅ ተገናኝተው በደስታ ኖሩ ተብሎ ያልቅ ነበር። በእውነተኛ ሕይወት ግን ሰው አንድ ጊዜ የቈረጠውን ነገር ደጋግሞ መቍረጥ ያስፈልገዋል። ሐኪም ወርቅነህ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ነበርና ሕመማቸውን ከተከታተሉት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ልጆች ወለዱ። ከዚህም በኋላ ዳግመኛ ወደ በርማ ሄደው አገልግሎታቸውን ፈጸሙ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ጓዛቸውን ጠቅልለው ለመኖር አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር።

ጡረታ የወጣ ሰው ዕረፍት ይገባዋል። እሳቸው ግን ለአገራቸው የሚሠሩበት ዋናው ዘመን ገና ያን ጊዜ መጀመሩ ነበር። የረሱትን አማርኛ ተምረው በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። በልጅነቱ ቋንቋውን ያጣ ሰው ለአገሩ ልጆች በዚያው ቋንቋ ስለ ዓለም አገሮች መጽሐፍ ማዘጋጀቱ ከሁሉ አብልጦ ልቤን የነካው ነገር ነው። የተወሰደባቸውን ቋንቋ ሲያማርሩ አልኖሩም፤ መልሰው ያዙትና ለሌላ አስተላለፉት።

በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ሐኪም ወርቅነህ የበላይ ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውን ትምህርት ቤትም ይመሩ ነበር። ይህ የኋለኛው ሥራ ለእሳቸው የተለየ ትርጉም ነበረው ብዬ አምናለሁ። ከቤተሰብ ተለይቶ፣ ስሙን አጥቶ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ ከአገር ወደ አገር መወሰድ ምን እንደ ሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? ያገር ልጆች ተሰብስበው ለሕዝብ ጥቅም እንዲሠሩም የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የሚባል አቋቁመው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ከአንድ የአሜሪካ የኢንጂኔሪንግ ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩ ራስ ተፈሪ ወደ ኒውዮርክ ላኳቸው። በዚያ በነበሩ ጊዜ ወደ ሐርለም ሄደው ጥቍር አሜሪካውያንን አነጋገሩ፤ ሙያ ያላቸውም ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ልጆችን ከአፍሪካ የተወሰደው ሰው ወደ አፍሪካ ጠራቸው ማለት ነው። ግድቡ በዚያን ዘመን አልተሠራም፤ ይሁን እንጂ ጥሪያቸው ከብዙዎች ልብ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን ሥርዓት በማስያዝ አውራጃውን ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ደከሙ። አዛዥ የሚል ማዕረግም ስለ ነበራቸው በብዙ መጻሕፍት ውስጥ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ ተብለው ይጠራሉ።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። የአንድ አገር መልእክተኛ ሥራ በደኅና ጊዜ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ አገር በእሳት ስትነድድ ግን እጅግ መራራ ነው። ሽማግሌው የእንግሊዝ ሕዝብና መንግሥት ለኢትዮጵያ እንዲደርስላት በየስብሰባው ተናገሩ፤ በጋዜጣ ጻፉ፤ ለቈሰሉትና ለተቸገሩት ገንዘብ ለመኑ። ሲልቪያ ፓንክረስትን የመሳሰሉ የኢትዮጵያ ወዳጆች ከጎናቸው ቆሙ። ታላላቆቹ መንግሥታት ግን ለመርዳት ፈቃደኞች አልሆኑም። በልጅነታቸው ያሳደጋቸው፣ በጕልማሳነታቸው ያገለገሉት መንግሥት በእርጅናቸው ጊዜ ለአገራቸው ጆሮውን ሲነፍግ አዩ።

ከዚህ የባሰም ኀዘን መጣ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ኢንጂኔሮች ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በጦርነቱ ጊዜ አገራቸው ገብተው ከጥቍር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። ከራስ እምሩ ጋር በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣልያኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ከፈጸሙት ጭፍጨፋ ጋር የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ሲገድሉ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባታቸው በሩቅ አገር ሳሉ የልጆቻቸውን ሞት ሰሙ።

ይህን ክፍል ስጽፍ አንድ ጥያቄ አስቸግሮኛል። ሰው ለሕይወቱ ራሱ ኀላፊ ነው ካልን ለዚህ ኀዘን ኀላፊው ማን ነው? ለታሪክ መምህራችን ይህን አቅርቤላቸው ነበር። እሳቸውም መልሱን አልሰጡኝም፤ የገደለና የተገደለበትን ለይቼ እንዳስብ ብቻ ነገሩኝ። አስቤም ይህን ደረስሁበት። የሰው ግፍ የተፈጸመበትን ሰው ለምን ደረሰብህ ብሎ መጠየቅ ሌላ ግፍ ነው። ለግፉ የሚጠየቀው የሠራው ነው። ለሐኪም ወርቅነህ የቀረላቸው ነገር ከኀዘኑ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ መምረጥ ብቻ ነበር። በልጅነታቸው መቅደላ ሲወድቅ ምንም መምረጥ አይችሉም ነበር፤ በሽምግልናቸው ግን ይችሉ ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ ወደ ህንድ ሄደው ቆዩ። አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላም እ.ኤ.አ. በ1942 ልጆቻቸው ወደ ተገደሉባት አዲስ አበባ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት ገደማ ነበር። በአገራቸው ኖረው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪም ወርቅነህ የአባታቸውን ስም ካገኙ በኋላ ማርቲን የሚለውን ስም አልጣሉትም፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በዚሁ ይጠቀሙ ነበር። ይህም የራስን ሕይወት መያዝ ማለት ሌላውን ሰው መካድ አለመሆኑን ያሳየኛል። የኮሎኔሉ ገንዘብ ባይኖር ትምህርታቸው ባልተፈጸመ ነበር። አያታቸው ባይመጡ ስማቸው ባልተገኘ ነበር። ብቻውን ያደገ ሰው የለም። ነገር ግን ኮሎኔሉ ቢከፍሉ የተማሩት ራሳቸው ናቸው፤ አያታቸው ቢለዩዋቸው በአገር ለመቅረት የቈረጡት ራሳቸው ናቸው። እንደ ሰው ስሕተት አልነበረባቸውም አልልም። ሥራቸው ግን፣ የተሳካውም ያልተሳካውም፣ የእሳቸው ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ጀመርሁበት ልመለስ። በመግቢያዬ ላይ ጓደኛዬ ደብተሬን እስከ ፈተናው ቀን አልመለሰልኝም ማለቴን ታስታውሳላችሁ። ነገሩ እውነት አልነበረም። ጓደኛዬ ደብተሩን በሁለተኛው ቀን መልሶልኛል። ከዚያ በኋላ በታክሲ ውስጥ ረስቼው የወረድሁ እኔ ነኝ። ይህን ውሸት ለአባቴ ብቻ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በደሉ ይቀል ነበር። እኔ ግን ለሒሳብ መምህራችንም ነግሬያቸው ነበርና ጓደኛዬን በክፍሉ ሁሉ ፊት ገሠጹት፤ ማርክም ቀነሱበት። ሊያስረዳ ሲሞክር ማንም አላመነውም፤ እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁና። በማግስቱ ደብተሮቹን ሰብስቦ ሌላ ዴስክ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተተረተው ለእንደ እኔ ያለ ሰው ነው፤ የገዛ ስንፍናዬን መውቀስ ብፈራ በደል የሌለበትን ልጅ መታሁ።

የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ጽፌ፣ መጨረሻው ላይ ሁላችንም ለሥራችን ኀላፊ እንሁን የሚል አንድ ያማረ አንቀጽ ልጨምር ብዕሬን አነሣሁ። ሊጻፍልኝ አልቻለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁ። በመጨረሻ ወረቀቱን ትቼ ወደ መምህሩ ሄድሁና እውነቱን ነገርኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ያለፈው ዓመት ማርክ ተመዝግቦ አልፏልና ሊስተካከል እንደማይችል ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ውሸት ከአንደበት ከወጣ በኋላ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ መሆኑን ተረዳሁ። በክፍል ፊት ቆሜ እንድናገር ግን እንዲፈቅዱልኝ ለመንኋቸው፤ ፈቀዱልኝ። ዐምና በዚያ ክፍል የነበሩት አብዛኞቹ ዘንድሮም አብረውን አሉ። ቆሜ ስናገር ጕልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳቀ አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ጓደኛዬ ያን ቀን ምንም አልመለሰልኝም። ዛሬም የሚቀመጠው በዚያው ሌላ ዴስክ ላይ ነው። ጧት ጧት ግን ሰላምታ ይሰጠኛል። ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊትም እንዲያነበው ሰጥቼው፣ ስሙን ሳልጠራ እንዳወጣው ፈቅዶልኛል። ለአባቴም አንብቤላቸዋለሁ። እንደ ዐምናው ሁሉ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና ወረቀቱን ተቀብለው በግርጌው የተጻፈውን ስሜን አዩ።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፤ በቅርቡ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናችንን እንወስዳለን። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ወደ ሥራ፣ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ እንበታተናለን። ከመካከላችን ችግሩ የበዛበት፣ መብራት የሌለው፣ ወላጅ የሌለው እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ችግር ሐሰት ነው የሚል ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። የችግራችን ምንጭ እኛ ላንሆን እንችላለን። በወረቀቱ ራስ ላይ የሚጻፈው ስም ግን የየራሳችን ነው።

ከመቅደላ የወረደው ሕፃን ስሙን የያዙለት ሌሎች ነበሩ። ከፍ ሲል ግን ራሱ መጥቶ ተረከበው። ለእኛ ስማችን ገና ከጧቱ በእጃችን ተሰጥቶናል። ወላጆቻችን ያወጡልንን ይህን ስም፣ መምህሮቻችን በየቀኑ የሚጠሩትን ይህን ስም፣ ሲጠራ አቤት ብለን የምንቆም ሰዎች ያድርገን።